ሩዝ ያልወጣው ተዳፋት

ጃፓንን ከሩዝ ጋር አጣብቆ የሚያስብ ሰው ኢያ ሸለቆ ሲደርስ ግር ይለዋል። ውሃ የተኛበት ማሳ የለም። ውሃው ቀርቶ ሰው ራሱ እግሩን አስተካክሎ የሚቆምበት ሜዳ በብርቅ ነው የሚገኘው። ተራራው ከወንዙ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ቤቶቹ ከታች ሆነው ሲያዩዋቸው የተሠሩ ሳይሆን የተለጠፉ ይመስላሉ፤ እርሻውም ከቤቱ ጋር አብሮ ዘንበል ብሏል። ሩዝ ደግሞ ሜዳና የቆመ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ እዚህ አገር ሩዝ ለብዙ ዘመን የበዓል እህል ነበር፤ የዘወትሩ ምግብ ሌላ ነው። ኢያን ለማየት የሚነሣ እንግዳ ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል ባይ ነኝ። የሚበላውም የሚታየውም ከዚሁ ተዳፋት የመጣ ነውና።

ሸለቆው የሚገኘው ከጃፓን አራት ዋና ዋና ደሴቶች ትንሿ በሆነችው በሺኮኩ፣ በቶኩሺማ ክፍለ ሀገር ምዕራባዊ ጫፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአካባቢው የነበሩ የገጠር ከተሞችና መንደሮች ተጠቃለው ሚዮሺ ከተማ ተባሉ፤ ኢያም በዚያው ከተሜ ሆነ። ከተማነቱ ግን ከማኅተሙ አልፎ ዳገቱን አልወጣም። (ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መንገዱ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። ከኦካያማ ወደ ኮቺ የሚሄደው ፈጣን ባቡር በ1988 የተከፈተውን የሴቶን ድልድይ ተሻግሮ ባሕሩን ከኋላው ይተወዋል፤ ከዚያ የዮሺኖን ወንዝ ይዞ፣ ዋሻ ለዋሻ ሲገባ ሲወጣ ቆይቶ፣ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ኦቦኬ ያወርዳል። ችግሩ የሚጀምረው ከኦቦኬ ወዲያ ነው። ወደ ሸለቆው የሚገባው አውቶቡስ በቀን የሚመላለሰው ጥቂት ጊዜ ነው፤ አንዱ ካመለጠ ግማሽ ቀን ይዞ ይሄዳል። መኪና መከራየት የሚችል ሰው ይከራይ፤ ግን ብዙው መንገድ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ስለሆነ፣ ጥምዝምዙ ላይ ሌላ መኪና ከፊት ብቅ ሲል በገደሉ ጠርዝ ወደ ኋላ መመለስ አለ። እኛን የነዳን ኦሳካ ብዙ ዘመን የኖረ ወዳጄ ነው፤ አስተርጓሚዬም እሱ ነበር። ወደ ኋላ ሲመለስ እኔ ወደ ገደሉ ሳይሆን መሪውን ወደ ያዙት እጆቹ ማየትን መረጥሁ።

ኦቦኬ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ያህል በገደሉ ሥር የሚያንሸራሽሩ ጀልባዎች አሉ። ደስ ይላል። ወንዙ ከፍ ብሎ ሲቆጣ ደግሞ በጎማ ጀልባ የሚቀዝፉ ጎረምሶች ይጎርፉበታል፤ የ2017 የዓለም የጎማ ጀልባ ቀዘፋ ሻምፒዮና የተካሄደው እዚሁ ዮሺኖ ላይ ነው። ልብ ያለው ይሞክረው፤ እኔ አለፍሁት።

አብዛኛው ሰው ኢያ የሚመጣው ለሐረግ ድልድዩ ነው፤ ካዙራባሺ ይሉታል። ርዝመቱ 45 ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር፣ ከውሃው ያለው ከፍታ 14 ሜትር ነው። ስድስት ቶን ያህል ሐረግ ፈጅቷል። ሐረጉ የኪዊ ፍሬ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ ከተራራው ተቆርጦ ይመጣና እንዲለዝብ በእሳት ከተለበለበ በኋላ ይጎነጎናል። በየሦስት ዓመቱ ፈርሶ እንደ አዲስ ይሠራል። ወለሉ የተረበረበ እንጨት ነው፤ በእንጨትና በእንጨት መካከል ያለው ክፍተት እግር ባያሳልፍም ዓይንን ያሳልፋል፤ በክፍተቱ ወንዙ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ከፊቴ የምትሄድ አንዲት ወጣት ሁለት እጇን የጎን ሐረጉ ላይ ጠምጥማ፣ እግሯን ከማንሣቷ በፊት እንጨቱን በጫማዋ ጫፍ ትነካካለች። መሻገር የሚቻለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ መመለስ የለም፤ አንዱ ሲቆም ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል፤ ድልድዩ ደግሞ ሰው ሲቆምበት ይበልጥ ይወዛወዛል። የእጅ ስልክ አውጥቶ ፎቶ ለማንሣት የሚደፍር ሰው ስልኩን እንዳይወደው እመክራለሁ።

ሐረጉ ውስጥ የብረት ገመድ አለ። ይህን ሲሰማ የተታለለ ያህል የሚከፋው ጎብኚ አጋጥሞኛል። ታሪኩ ከዚያም ይብሳል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የሐረጉ ድልድይ ተነሥቶ በሽቦ ድልድይ ተተክቶ ነበር፤ የአገሩ ሰዎች በ1928 ናፍቋቸው መልሰው በሐረግ ሠሩት። ስለዚህ የዛሬው ድልድይ ሳይቋረጥ የመጣ አይደለም፤ ከቀረ በኋላ ተፈልጎ የተመለሰ ነው። እኔ በበኩሌ ይህኛውን አከብራለሁ። ሳያስቡት የተረፈ ነገር ብዙ ነው፤ ጥቅሙ ካለቀ በኋላ በየሦስት ዓመቱ ሐረግ ፍለጋ ተራራ የሚያስወጣ ነገር ግን ጥቂት ነው።

በአፈ ታሪኩ ድልድዩን የጀመሩት ሄይኬዎች ናቸው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሄይኬና ጌንጂ የተባሉ ሁለት የጦር ቤቶች ጃፓንን ተናንቀውባት ነበር። በ1185 በመጀመሪያ በሺኮኩ ሰሜናዊ ዳርቻ በያሺማ፣ ቀጥሎም ዳን ኖ ኡራ በተባለው የባሕር መተላለፊያ ሄይኬ ድል ሆነ፤ ገና ሕፃን የነበረው ንጉሠ ነገሥት አንቶኩም ከአያቱ ጋር ባሕር ገባ። ኢያዎች ይህን መጨረሻ አይቀበሉም። ሕፃኑ አልሞተም፣ ከተረፉት ጋር እዚህ መጣ ይላሉ። ጠላት ሲከተል ቆርጦ ለመጣል ደግሞ ከሐረግ ድልድይ የሚመች የለም። ከድልድዩ ጥቂት እልፍ ሲሉ 50 ሜትር ያህል የሚወረወር ፏፏቴ አለ፤ ስደተኞቹ ኪዮቶ ሲናፍቃቸው በሥሩ ተቀምጠው ቢዋ የተባለውን የክር መሣሪያ ይመቱበት ነበር ስለሚባል ቢዋ ፏፏቴ ይባላል። 1,955 ሜትር ከፍታ ያለው የጹሩጊ ተራራም ስሙን ያገኘው ሕፃኑ ንጉሥ ሰይፉን ስለቀበረበት ነው የሚሉ አሉ። ታሪክ ጸሐፊዎች ምንም ቢሉ፣ ሸንተረሩን ያየ ሰው ለመደበቅ ከዚህ የተሻለ ስፍራ እንደማይገኝ ያምናል። መኪና የሚሄድበት መንገድ እንኳ ወደ ሸለቆው የገባው በ1920 ነው። በዚያው መንገድ ዳር፣ ወንዙን 200 ሜትር ያህል ወደ ታች ከሚያይ አለት ጫፍ ላይ ሽንቱን ወደ ገደሉ የሚለቅ የልጅ ሐውልት ቆሟል፤ በ1968 የተሠራ ነው። ድሮ መንገደኞችና ልጆች ድፍረታቸውን የሚፈትኑት እዚያ አፋፍ ላይ ቆመው በመሽናት ነበር አሉ። በጃፓን ካየኋቸው ሐውልቶች ሁሉ የማልረሳው ይህን ነው።

ሕዝብ የበዛበትን የማይወድ ሰው፣ ወደ ላይ ወደ ምሥራቅ ኢያ ርቆ ቢነዳ ‘ባልና ሚስት’ የሚባሉ ሌሎች ሁለት የሐረግ ድልድዮች ያገኛል፤ ባልየው 44 ሜትር፣ ሚስትየዋ 22 ሜትር። በአጠገባቸው ተንጠልጥሎ፣ ሰው ራሱ ገመዱን እየሳበ የሚሻገርበት የእንጨት ሳጥን አለ። ዕድሜዬን ረስቼ ተመላለስሁበት። በበረዶው ወራት ይዘጋሉ።

ወደ ምግቡ ልምጣ።

ከካዙራባሺ ወጥቶ ዳገቱን የሚጀምር ሰው መሪ አያስፈልገውም፤ አፍንጫው ይበቃዋል። መሐል ላይ ፍም ተከምሯል፤ ዙሪያውን የቀርከሃ እንጨቶች ወደ እሳቱ አዘንብለው አመዱ ውስጥ ተሰክተዋል። በእያንዳንዱ እንጨት ላይ ሦስት ነገር ተሰክቷል፤ ድንች፣ ቶፉና ኮንያኩ። ድንቹ ከዶሮ እንቁላል ያነሰ ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተሰክቶ፣ እንደገና ተጠብሶም አይፈርስም። ኮንያኩ ከአንድ የሥራሥር ዱቄት የሚረጋ፣ ግራጫ፣ የሚያሙለጨልጭ፣ ጥርስ ሲያርፍበት ወደ ኋላ የሚገፋ ነገር ነው፤ ለብቻው ጣዕም የለውም ማለት ይቻላል። በሦስቱም ላይ ከዩዙ ጋር የተለወሰ ሚሶ ይቀባል፤ ሚሶ የቦካ የአኩሪ አተር ሊጥ ሲሆን ዩዙ መዓዛው የበረታ የሎሚ ዘር ነው። ጠባሹ ሰውዬ እንጨቱን በሁለት ጣቱ ይዞ ሩብ ዙር ያዞረዋል፤ ቆይቶ ሌላ ሩብ። ቶኩሺማ በአሻንጉሊት ቴአትሯ የታወቀች ናት፤ እንጨቱ ሲሽከረከር የአሻንጉሊት ጭንቅላት ስለሚመስል ምግቡን ዴኮማዋሺ አሉት። ሚሶው ጠርዙ ሲያር፣ መሐሉ ገና እርጥብ ሳለ ነው የሚነሣው። ሲበሉት በመጀመሪያ ጨውና ምሬት፣ ቀጥሎ የዩዙው ሽታ፣ በመጨረሻ ጥቅጥቅ ያለው ድንች ይደርሳል። ያን ጣዕም የለሽ ኮንያኩም ለምን መሐል እንዳስገቡት ያኔ ይገባል፤ ሚሶው ሁለት ከባድ ነገር ላይ ከሚደራረብ አንድ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል።

ቶፉውን ለብቻው ልመለስበት። በጃፓን ከተሞች የሚቀርበው ቶፉ ማንኪያ ሲነካው የሚንቀጠቀጥ፣ ሲያዩት ለስላሳ ነገር ነው። የኢያው የአለት ቶፉ ይባላል። ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ተጭኖ ስለሚቆይ በገመድ አስረው ያንጠለጥሉታል፤ ያስቃል እንጂ ውሸት አይደለም። ጎረቤት ለመድረስ ግማሽ ተራራ መውጣት በሚጠይቅ አገር የሚንቀጠቀጥ ምግብ ይዞ መንገድ አይጀመርም። ስቆርጠው ቢላዋው ድምፅ አለው፤ ባቄላ ባቄላም ይሸታል።

ሶባ በመላው ጃፓን የሚበላ ቀጭን የፓስታ ዓይነት ምግብ ነው። እህሉን ፈረንጆች ባክዊት ይሉታል፤ ከስንዴ ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም፤ ወገኑ ከእኛው መቅመቆ ጋር ነው። ድንጋያማ መሬት፣ ብርድና አጭር ወቅት ስለማይፈራ ለኢያ ተስማማው። በመስከረም አካባቢ ተዳፋቱ በሶባ አበባ ይነጣል። ሌላው የጃፓን ክፍል ሶባው እንዳይበጣጠስ የስንዴ ዱቄት ይጨምርበታል፤ እዚህ እምብዛም አይጨምሩም። ስለዚህ የኢያ ሶባ ወፍራምና አጭር ነው፤ በእንጨት ቆንጥጠው ሲያነሡት ይቆረጣል። ቶኪዮ ያለ የሶባ ጌታ ይህን እንደ ጉድለት ሊቆጥረው ይችላል። እኔ ግን ጥርስ ላይ የሚቀረውን ያን ሸካራነት፣ ከሾርባው በላይ የሚሰማውን የእህሉን ሽታ ወደድሁት።

ጾመኛ አንባቢ እዚህ ላይ ጆሮውን ይስጠኝ። ሶባው የሚነከርበት ሾርባ የሚፈላው ከደረቁ ጥቃቅን ዓሣዎች ነው። ጃፓኖች ይህን ዓሣ ብለው አይቆጥሩትም፤ ‘ሥጋና ዓሣ የሌለበት’ ብለው ካዘዙም በኋላ ሾርባው ይመጣል። ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክራችንን ለመፍታት ኢያ ድረስ መምጣት አያስፈልግም፤ የማይበላ ግን ዴኮማዋሺውን ይዞ ይዋል፤ ድንች፣ ቶፉና ኮንያኩ ንጹሕ የጾም ምግብ ናቸው። ሙስሊም አንባቢም ሚሶውና ሾርባው ብዙ ጊዜ ሚሪን የሚባል የሩዝ ወይን እንደሚገባበት፣ የሥጋ ወጥ ከቀረበም የዱር አሳማ ሊሆን እንደሚችል ይወቅና አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን ሶባው ሳይፈጭ የሚሠራው ነው። ፍሬውን በጨው ውሃ ቀቅለው ያደርቁታል፤ ከዚያ ገለባውን ያላቅቁታል። ባለሦስት ጠርዙ ፍሬ ሙሉውን ይተርፍና ከካሮት፣ ከነጭ ሥር፣ ከእንጉዳይና ከዶሮ ጋር ሾርባ ይሆናል፤ ድሮ በዶሮው ምትክ የዱር ወፍ ነበር። ሄይኬዎች በዘመን መለወጫ ሩዝ አጥተው፣ ቤተ መንግሥት የለመዱትን ለማስታወስ የሠሩት ነው ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን፣ ሩዝ ያጣ ሰው ሩዝ የሚመስል ነገር ከሌላ እህል ለማውጣት የደከመው ድካም ሳህኑ ላይ ይታያል። ወንዙ ደግሞ አሜጎ የተባለ ነጠብጣብ ዓሣ ይሰጣል። ሙሉውን በጨው ጠብሰው ይሰጡሃል፤ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ እሳት ላይ አግለው፣ ዙሪያውን በሚሶ ግንብ አጥረው፣ ዓሣውንና ቶፉውን በመሐሉ ያፈሉታል። ሁለተኛውን ማግኘት የሚቻለው ቀድሞ በማዘዝ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያበቅለውን እርሻ ሳያዩ መመለስ ግን ኢያን አለማየት ነው። ብዙው ጎብኚ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ድልድዩን ይሻገራል፤ አንድ እንጨት ዴኮማዋሺ ይበላል፤ ፎቶውን ይዞ ይወርዳል። ከዚያ በላይ አንድ ኪሎ ሜትር የማይርቀውን ማሳ ቀና ብሎ አያየውም።

የኮንሶን እርከን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ በመጀመሪያ የሚገርመው እርከን አለማየቱ ነው። ተዳፋቱን እንደ ተዳፋትነቱ ያርሱታል፤ አንዳንዱ ማሳ እስከ 40 ዲግሪ ያዘነብላል። አፈሩ ታዲያ ለምን ታጥቦ ወንዝ አይገባም? መልሱ ሣር ነው። ከእርሻው በላይ ለሣር ብቻ የተተወ መሬት አለ። በመከር ወራት ረጅሙን ሣር አጭደው፣ በቋሚ እንጨት ዙሪያ አቁመው ይከምሩታል፤ የኢያ ኮረብታ በእነዚህ ሾጣጣ ክምሮች ነው የሚታወቀው። በጸደይ ክምሩ ይፈታና ሣሩ ተከታትፎ ማሳው ላይ ይበተናል። ዝናቡን ያበርዳል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ሲበሰብስ ማዳበሪያ ይሆናል። ይህም ሆኖ አፈሩ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ወደ ታች መንሸራተቱ አይቀርም፤ ስለዚህ መልሰው ያወጡታል። ከመዝራታቸው በፊት ጥርስ ባለው መቆፈሪያ፣ ከማሳው ግርጌ ጀምረው አፈሩን ወደ ላይ ይስቡታል። አንዲት ወገባቸው የጎበጠ ሴት ይህን ሲያደርጉ ከመንገዱ ዳር ቆሜ አየሁ። ፊታቸውን ወደ ቁልቁለቱ ሰጥተው፣ መቆፈሪያውን ከእግራቸው በታች ወርወር ያደርጉና አፈሩን በጉልበታቸው ልክ ወደ ላይ ይጎትቱታል። ጣል፣ ሳብ። ጣል፣ ሳብ። አንድ መደዳ ሲጨርሱ ያው አንድ ክንድ የማይሞላ አፈር ነው ከፍ ያለው። ይህ አያያዝ በ2018 በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በዓለም አቀፍ የግብርና ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የተመዘገበውም ኢያንና በዙሪያው ያሉትን ተራሮች አንድ ላይ ይዞ፣ ኒሺ አዋ በሚል ስም ነው። ሴትዮዋ ቀና ሲሉ ወዳጄ በትሕትና ሰላም ብሎ ስለ ቅርሱ ጠየቃቸው። “እሱስ ጥሩ ነው፤ ግን የሚስብልኝ አልላኩልኝም” አሉ።

አንድ መንደር በሙሉ ለማየት ኦቺያይ የተባለውን ከሸለቆው ማዶ ሆኖ ማየት ነው። ከታችኛው ቤት እስከ ላይኛው 390 ሜትር ከፍታ አለ፤ ጎረቤት ማለት ራስ ላይ ያለው ሰው ነው። በ2005 በመንግሥት ጥበቃ ሥር የገባ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ የሣር ክዳን ቤቶች ታድሰው እንግዳ ያሳድራሉ። በቤቶቹ መሐል ወለሉ ተቆርጦ ኢሮሪ የሚባል የእሳት ቦታ አለ፤ ጭሱ ወደ ክዳኑ ወጥቶ ሣሩን ከተባይና ከሻጋታ ይጠብቀዋል። ጎጆ ቤት ውስጥ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። እነዚህ ቤቶች እንዲታደሱ ብዙ የለፋው አሌክስ ኬር የተባለ አሜሪካዊ ነው። በወጣትነቱ አገሩን ሲዞር ኢያ ደርሶ፣ በ1973 ባለቤቶቹ ጥለውት የሄዱትን 300 ዓመት ያህል የቆየ ቤት ገዛና ቺኢዮሪ ብሎ ሰየመው። በኋላ በጃፓንኛ የጻፈው መጽሐፍ በ1994 የሺንቾ ጋኩጌይ ሽልማትን አስገኝቶለታል፤ መጽሐፉ ከውዳሴው ይልቅ ቁጣው ይበዛል። ወንዞች በሲሚንቶ መታጠራቸው፣ ተራራው በሙሉ ለጣውላ ሲባል ሱጊ በተባለው ጥድ መሸፈኑ ያንገበግበዋል። እውነቱን ነው። ከኦቺያይ ማዶ ሆኜ ሳይ፣ ማሳ የነበረው ሁሉ ባለቤቱ ሲሄድ ጨለማ አረንጓዴ እየሆነ መሄዱን ዛፎቹ በተደረደሩበት ቀጥ ያለ መስመር ማወቅ ይቻላል።

ስለ ፍል ውሃው አጭር ነገር ልበል። ከገደሉ ጫፍ በሐዲድ 170 ሜትር ወደ ታች ወርዶ ወንዙ ዳር የሚገኝ መታጠቢያ አለ፤ ድካም ያወጣል። ራቁት መግባቱን ሰው ይለምደዋል፤ ሴቱና ወንዱ ለየብቻ ነው። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ንቅሳት ያለው ነው። በጃፓን ንቅሳት ከወንበዴ ቡድኖች ጋር ስለተያያዘ ብዙ ፍል ውሃ ቤቶች የተነቀሰ ሰው አያስገቡም። አንገቷን የተነቀሰች፣ ግንባሯ ላይ መስቀል ያላትን እናቱን ይዞ የሚመጣ ሰው ቀድሞ ይደውል፤ የግል መታጠቢያ የሚያከራዩ አሉ።

የናጎሮን መንደር ሳልጽፍ ብቀር ደስ ባለኝ፤ ምክንያቱም ጋዜጠኛው ሁሉ ጽፎታል። ግን ምሥራቅ ኢያ ድረስ የሄደ ሰው ሳያየው አያልፍም። አያኖ ጹኪሚ የተባሉ ሴት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከኦሳካ ወደ ትውልድ መንደራቸው ተመለሱ፤ የዘሩትን ወፍ ሲለቅምባቸው በአባታቸው መልክ ማስፈራርቾ ሠሩ። ከዚያ አላቆሙም። የሞተውን፣ ወደ ከተማ የሄደውን ጎረቤት ሁሉ በጨርቅና በጋዜጣ እየሠሩ በየቦታው ያስቀምጡት ገቡ፤ ዛሬ አሻንጉሊቱ ከነዋሪው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የሚጠብቁ አሉ፤ ማሳ ዳር ያረፉ አሉ። ትምህርት ቤቱ በ2012 ተዘጋ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ተማሪዎች ከመሄዳቸው በፊት በራሳቸው አምሳል የሠሯቸው አሻንጉሊቶች ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። የውጭ ሰው ይህን እንደ አስፈሪ ፊልም ነው የሚያወራው። እኔ ሳየው ያስፈራኝ ነገር የለም፤ የሠሩት እጆች ቀልድ አዋቂ ናቸው። አንዱ ሽማግሌ ኮፍያውን አጋድሎ፣ ዓሣ ማጥመጃውን ይዞ፣ እንቅልፍ ወስዶታል።

ያደርንበት ቤት የሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ነው። እራቱ ሶባ፣ አሜጎና የተቀቀለ የተራራ ቅጠል ነበር። ከበላን በኋላ ቀና ብዬ ሳይ ጣሪያው ሥር ከተንጠለጠሉት የደረቁ ዛላዎች አንዱ ዓይኔን ያዘው። እንደ ታጠፉ ጣቶች ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ዛላ። ዳጉሳ ነው። ሴትዮዋ አውርደው ሰጡኝ፤ ፍሬውን መዳፌ ላይ ስፈለፍለው ያው የማውቀው ቀይ ቡናማ ነው።

ነገሩ ተአምር አይደለም። ሊቃውንቱ ዳጉሳ መጀመሪያ የለማው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ፣ ከኢትዮጵያ እስከ ኡጋንዳ ባለው አገር ነው ይላሉ፤ ከዚያ ህንድ ገብቶ በእስያ ተዛመተ። በኒሺ አዋ ተራሮች ከማሽላውና ከሌሎቹ ጥቃቅን እህሎች ጋር ዛሬም ጥቂት ገበሬዎች ይዘሩታል። ምክንያቱም ያው ነው፤ ተዳፋት አይፈራም፤ ጎተራ ውስጥም ዓመታት ይቆያል። ሴትዮዋ በልጅነታቸው ዱቄቱን በፈላ ውሃ አቡክተው ድብልብል እያደረጉ ይበሉት እንደነበር ነገሩን። “ያኔ ሩዝ በሚበላ ልጅ እንቀና ነበር፤ አሁን የከተማ ሰው ይህንን ፍለጋ ይመጣል፤ በውድ ነው የሚገዛው” አሉ። እኛም አገር ዳጉሳ በልቶ ማደግን ደፍሮ የሚናገር ሰው ብዙ አልነበረም።

“እናንተስ እንዴት ነው የምትበሉት?” አሉ ባልየው። እስከዚያ ድረስ ብዙም አልተናገሩም።

ከጤፍ ጋር ለእንጀራ እንደምንቀላቅለው ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎጃም ውስጥ ግን ዋናው ሥራው ጠላና አረቄ ነው አልሁ። ወዳጄ ሲተረጉምላቸው ሽማግሌው የያዙትን ጽዋ አስቀመጡ። ብቅሉ እንዴት ይበቅላል? ስንት ቀን ይፈጃል? እንጎቻው ይቃጠላል ወይስ ይበስላል? የተጣራው አረቄ በእሳት ይያያዛል? ከእርሻ ድርጅቱ ቅርስም፣ ከሄይኬም፣ ከድልድዩም ይልቅ ያነቃቸው ይሄ ነው።

ሚስትየዋ ሳህኑን እየሰበሰቡ፣ በጃፓን ሰው ቤቱ መጠጥ መጥመቅ በሕግ የተከለከለ መሆኑን ለእኛ የሚነግሩ መስለው ለባላቸው ነገሩ።

“ጠየቅሁ እንጂ ልጥመቅ አልኩሽ?” አሉ ባልየው። ሚስታቸው ወደ ጓዳ እስኪገቡ ጠብቀው ግን ወደ ወዳጄ ጠጋ አሉና፣ ጌሾ በሌለበት አገር ምን እንደሚተካው ጠየቁት።